ያልተደመጠው መምህር
በእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርነት ማረጋገጫ ላይ የቀረበ ትችት

በሰሜን ወሎ፣ ወደ አፋር በሚያዘነብለው ቆላ፣ በሐራ የሚያድግ ሕፃን በቤቱ አማርኛ ይሰማል፤ በገበያ ቀንም የአፋርኛ ድምፅ ከጆሮው አይርቅም። ሰው ከሰው ጋር በእንግሊዝኛ ሲነጋገር የሚሰማበት ቦታ ግን የለውም ለማለት ይቻላል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይህን ቋንቋ በየሳምንቱ የሚሰማው ከመምህሩ አፍ ነው። የሒሳብ መምህር ቢሳሳት መጽሐፉ ሊያርመው ይችላል፤ የእንግሊዝኛ መምህር አነጋገር ከተበላሸ ግን ማንበብ ላልጀመረ ሕፃን የሚያርምለት ሌላ ነገር በክፍሉ ውስጥ አይገኝም። እንግዲህ የዚህን መምህር አነጋገር መርምሮ «ብቁ ነው» ያለው ማን ነው? የማረጋገጫውን መንገድ ከሥር ከሥሩ የተከተለ ሁሉ የሚደርስበት መልስ አሳሳቢ ነው።

ዕጩው መምህር በብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛን ችሎታ ያስመሰከረው ከቀረቡለት ምርጫዎች ትክክለኛውን ፊደል በማጥቆር ነው። በዚያ ፈተና ንግግር የለም፤ ማዳመጥም የለም፤ የመጻፍ ችሎታ እንኳ የሚለካው በምርጫ ጥያቄ ነው። ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሲገባ የንግግር ኮርስ እንደሚሰጠው አይካድም። ነገር ግን ኮርሱ ከብዙ ኮርሶች አንዱ በመሆኑ የአንዱ ዝቅተኛ ውጤት በሌላው ይካካሳል። የተግባር ልምምዱም የማስተማር ዘዴን እንጂ የቋንቋን ችሎታ ለብቻው ነጥሎ አይመዝንም። ከምረቃ በኋላ የመጣው የሙያ ፈቃድ ምዘናም በጽሑፍ ፈተናና በማኅደረ ተግባር ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ «ይህ ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ተደምጧል፤ ባይችል ኖሮ ማረጋገጫው አይሰጠውም ነበር» የሚያሰኝ አንድም በር የለም።

ችግሩ ከመምህሩ ስንፍና የመነጨ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በደርግ ዘመን እንግሊዝኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጥ የነበረው ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ነበር፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። የአንደኛ ደረጃ መምህር የሚሆነውም 12ኛ ክፍልን ጨርሶ በማሠልጠኛ ተቋም አንድ ዓመት የተማረ ሰው ነበር። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ወደ አንደኛ ክፍል አወረደው። ዘግይቶም አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ10ኛ ክፍል የሚያበቃ በመሆኑ ለመጀመሪያው እርከን መምህርነት ከ10ኛ ክፍል በኋላ የአንድ ዓመት ሥልጠና በቂ ሆኖ ተቆጠረ። ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። የትምህርቱ መነሻ ወደ ለጋው ዕድሜ ሲቀርብ፣ ያንን ለጋ ጆሮ የሚገራው መምህር ራሱ ቋንቋውን የተማረበት ዘመን በሁለት ዓመት አጠረ። በዚያም ላይ በዚህ እርከን አንዱ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት እንዲያስተምር ተደልድሎ ስለነበር፣ እንግሊዝኛን ወድዶና መርጦ የገባ አልነበረም። ሸክሙ ከትከሻው ጋር ሳይመዛዘን የተጫነበትን ሰው ስለ መንገዳገዱ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

ከዚያ አስቀድሞ የነበረውም ዘመን እንደሚወራለት እንከን የለሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየአውራጃው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ብዙዎቹ በመምህርነት ሙያ የሠለጠኑ አልነበሩም፤ ማረጋገጫቸው የመጀመሪያ ዲግሪና የእናታቸው ቋንቋ ነበር። በዚያው ዓመት በለንደን ጆን ሄይክራፍት የተባለው መምህር «ቋንቋውን መናገር ማስተማርን መቻል አይደለም» ከሚል መነሻ የሁለት ሳምንት የመምህራን ኮርስ ከፈተ። ዛሬ ሴልታ ተብሎ በመላው ዓለም የሚታወቀው የካምብሪጅ ሠርቲፊኬት የዘር ሐረጉ ከዚያ ኮርስ ይመዘዛል። ለኢትዮጵያ በጎ ፈቃደኞቹ ሲላኩላት ያ ሐሳብ አብሮ ያልመጣ መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

ድክመቱ በመንግሥት ዘንድ ሳይታወቅ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆን ስቶዳርት ለትምህርት ሚኒስቴር ባቀረበው ሪፖርት፣ በትምህርት ቤቶች ያለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ቋንቋው የማስተማሪያነት አገልግሎቱን በሚገባ እንዲፈጽም የማያስችል መሆኑን አመልክቶ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ፕሮግራም የተባለው ሰፊ ዘመቻ ተጀመረ። ቁልፍ አሠልጣኞች ይሠለጥናሉ፤ እነርሱ ደግሞ በየአካባቢው መምህራንን ያሠለጥናሉ። ለመምህሩ 120 ሰዓት የገጽ ለገጽ፣ 80 ሰዓት ደግሞ የርቀት ትምህርት ተመደበለት።

በዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። ሴልታም የሚወስደው 120 ሰዓት ያህል ነው። ልዩነቱ በሰዓቱ ውስጥ ባለው ነገር ነው። የሴልታ ዕጩ ከመግባቱ በፊት ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፤ ቋንቋውን ይዞ ነው የሚገባው። 120 ሰዓቱ የሚውለው ማስተማርን ለመማር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ስድስት ሰዓት በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት፣ መዛኙ ከኋላ ተቀምጦ እያየ ያስተምራል። ይህ ካልተሟላ ሠርቲፊኬቱ አይሰጥም። የእኛው ፕሮግራም በዚያው በ120 ሰዓት ቋንቋውንም ዘዴውንም ሊሰጥ አሰበ፤ ያውም እየተንቆረቆረ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ ሥልጠና፣ ምንጩ ላይ የነበረው ውሃ ታች ሲደርስ ምን ያህል እንደሚቀር ሳይመረመር። ሚኒስቴሩ ራሱ አስጠንቶ በ1999 ዓ.ም አካባቢ የወጣው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ በካትሊን ሂውና በባልደረቦቿ የተዘጋጀው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች የተሻለ ውጤት ማሳየታቸውን ከመግለጹም በላይ የፕሮግራሙ ውጤት ከወጣበት ገንዘብ ጋር የማይመጣጠን መሆኑን ተችቷል። ፕሮግራሙ ፈጽሞ ከንቱ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ብዙ መምህራን በእንግሊዝኛ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲነጋገሩ ዕድል አግኝተውበታል። ጉድለቱ፣ ከሥልጠናው በኋላ ምስክር ወረቀቱ የሚመሰክረው ለመገኘት እንጂ ለመቻል አለመሆኑ ነው።

በ1997 ዓ.ም በሁለተኛ ደረጃ የተጀመረው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሌላ መፍትሔ አመጣ፤ መምህሩን ከመስማት ይልቅ ዝም ማሰኘት። በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው ትምህርት የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ሲወስድ ለመምህሩ የቀረው የመግቢያና የመዝጊያ ሽርፍራፊ ነበር። ስለዚህ ብዙ ስለተባለ እዚህ መድገም አያሻም።

ይልቅስ ጥቂት የተባለለት፣ የወሎው መምህር ከማንም የውጭ አገር ሰው ይልቅ ሊያውቀው የሚችለው ነገር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ «ስኩል» ማለት ሲያቅተው «እስኩል» የሚለው ለምንድን ነው? በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢዎችን አነባብሮ መጥራት በቋንቋው ስላልለመደ ነው። መርከብንና በግን የሚያመለክቱት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በአፉ አንድ «ሺፕ» የሚሆኑትም አናባቢያቸውን የሚለየው ልዩነት በአማርኛ ስለሌለ ነው። ሆኖም ይህ ልጅ በድምፅ ርዝመት ቃልን መለየት እንግዳው አይደለም፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ኖረ መሆኑን ሳይማር ያውቃል። ብልህ መምህር ከዚህ ተነሥቶ ጆሮውን ሊያሰላው ይችላል። እንዲሁም «በጉ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ተለጥፎ የታወቀውን ነገር የሚያመለክተው ድምፅ በእንግሊዝኛ ተነጥሎ ከስሙ ፊት እንደሚቆም፣ «ልጁ ውሃ ቀዳ» በሚለው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ግሥ በእንግሊዝኛ ወደ መሐል እንደሚገባ፣ በሁለቱም ቋንቋ ቆሞ የሚያይ መምህር በአምስት ደቂቃ ያሳየዋል። አንድም ቃል አማርኛ የማያውቅ ባለ ሠርቲፊኬት ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ሴልታን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት መፍትሔ ይሆናል ብሎ ማሰብ ሌላ ስሕተት ነው። ከእርሱ መወሰድ ያለበት የመደመጥ ሥርዓቱ ነው።

የሚደመጠውስ በምን መለኪያ ነው? የለንደን ሰው አነጋገር መለኪያ ሊሆን አይገባም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ድረስ የተዘረጋውን የባቡር መሥመር በ2007 ዓ.ም መሥራት የጀመረው የቱርክ ኩባንያ ነው። አንድ የቱርክ መሐንዲስና አንድ የወሎ ወጣት በእንግሊዝኛ ቢገናኙ ቋንቋው ለሁለቱም የባዕድ ነው፤ የሚፈለገውም መግባባት ነው። መለኪያው በዚህ ልክ ከተቆረጠ ለአገሬው መምህር የማይደረስ ተራራ አይሆንም።

ከአንድ ዓመቱ ሥልጠና በኋላ የሦስት ዓመቱ ዲፕሎማ መጥቷል፤ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮም ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የማስተማር ዲፕሎማ ታክሎበታል። ዓመቱ ረዝሟል፤ በሩ ግን አልተለወጠም። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህን ሁሉ ምክንያት በቋንቋ ላይ መጫን አይገባም። ያን ጊዜ ሰሜን ወሎ ከጦርነት ገና መውጣቱ ነበር፤ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ወንበርና መጽሐፍ እንኳ የተዘረፈባቸው ነበሩ። ቢሆንም ፈተናው በአመዛኙ የተጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑን፣ ተፈታኞቹም ያን ቋንቋ የጀመሩት ባልተደመጠ መምህር ፊት መሆኑን ዕቅድ አውጪ ሊዘነጋው አይችልም።

የቃል ፈተና ገንዘብና ሰው ይጠይቃል የሚለው መቃወሚያ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በወልዲያ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም በአንድ ከተማ ይገኛሉ። የአንዱ የእንግሊዝኛ ክፍል መምህራን የሌላውን ተመራቂዎች በሃያ ደቂቃ ንግግርና በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ቢመዝኑ፣ አስተማሪው የራሱን ተማሪ ከመመዘን የሚመጣውንም ሐሜት ያስቀራል። ከበድ የሚለው ሁለተኛው መቃወሚያ ነው። በሥራ ላይ ያለ መምህር ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ሐሳቡ እንጀራው ነው፤ ምዘና የማባረሪያ ሰበብ ሲሆን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ስለዚህ ምዘናው ከአዳዲስ ተመራቂዎች መጀመር ይኖርበታል፤ ያላለፈውም ከሥራ ሳይወጣ በዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ ወይም ሒሳብ እያስተማረ፣ የእንግሊዝኛውን ክፍለ ጊዜ ከጎረቤት ክፍል ላለፈው ባልደረባ ለውጦ፣ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና እንዲቀርብ ማድረግ ይቻላል። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የመርሳም ሆነ የሐራ ርእሰ መምህር የክፍለ ጊዜ ድልድሉን በመስከረም ሲያወጣ ሊፈጽመው የሚችለው ነው።