በቤት የሚደፋ ልደት

የሕፃን የመጀመሪያ ልደት በቤት ሲሰናዳ እጅግ ደስ ይለኛል። እንደ ገረሴ ባለ የጋሞ ደጋ የድግሱ ዕቃ ሩቅ አይደለም። ድፎ ዳቦው የሚጠቀለልበት ኮባ ከጓሮው እንሰት ይቆረጣል። ሙዙ ከአርባ ምንጭ ቆላ ይመጣል፤ ገና ጥርስ ለሚያወጣው ባለልደትም ተላቁጦ ይቀርባል። በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ የተዋበው የጋሞ ሸማኔዎች የዱንጉዛ ጨርቅ ደግሞ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

ዕቅዱም የፍቅር ሥራ ነው። ሊጡ በዋዜማው ይቦካል፤ ጎረቤት ስኒና በርጩማ ያውሳል፤ ሰዓቱ ልጁ ተኝቶ ከሚነሳበት ጋር ይገጣጠማል። ፈንዲሻው ሕፃኑን እንዳያንቀው ለትልልቆቹ ብቻ ይታደላል። ከ12 ወር በፊት ለሕፃን የማይሰጠው ማር ግን ከዚህ ቀን ጀምሮ ይፈቀዳል።

አንድ ዓመት መሙላት ቀላል ነገር አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 48 ወርዷል። ከዚህ ለውጥ ጀርባ ክትባት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካምና የእናቶች ትጋት አሉ።

ስለዚህ ሽማግሌዎች «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ሲመርቁ ምስጋናው ለልጁ ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ነቅታ ላሳደገችው እናት፣ አብሯት ለደከመው አባትና ለአራሷ ገንፎ ላገነፉት ጎረቤቶችም ነው። በራስ እጅ የተደፋ ዳቦ ለዚህ ምስጋና የሚመጥን ስጦታ ነው።