«አንድም» እና አማካይ፦ የሰውን ግንኙነት ከቪዲዮ ስለሚያነብ መሣሪያ

የሰዎችን የእርስ በርስ ግንኙነት በቪዲዮ ቀርጾ፣ ማሽን ለርኒንግ በተባለው ዘዴ፣ ማለትም ኮምፒዩተር ደንብ ሳይሰጠው ከብዙ ምሳሌ ራሱ እየቀመረ በሚማርበት ስልት መርምሮ፣ ግንኙነቱን ለመረዳት ብሎም ለማሻሻል የሚደረገው ጥረት ዛሬ ሰፊ የምርምር ዘርፍ ሆኗል። ጥንስሱ ግን የቆየ ነው። በ1980ዎቹ ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን በአሜሪካ ባልና ሚስትን እያነጋገሩ በቪዲዮ ይቀርጹ፣ የሠለጠኑ ሰዎችም የፊትን እንቅስቃሴና የድምፅን ቃና እንዲመዘግቡ ያደርጉ ነበር። የዛሬው ልዩነት መዝጋቢው መሣሪያ መሆኑ ነው።

ለዚህ ሂሳዊ ምልከታ የመረጥኩት እዚሁ ለንደን፣ በኢምፔሪያል ኮሌጅ አስተባባሪነት፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከ2015 እስከ 2018 የተካሄደውንና በማያ ፓንቲች የተመራውን «ሴዋ» የተባለ ሥራ ነው። የመረጥኩትም ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ከብዙዎቹ ብጤዎቹ ስለሚሻል ነው። ቀደም ሲል ተዋንያን ቁጣንና ደስታን እያስመሰሉ ይቀረጹ ነበር። ሴዋ ግን 398 ሰዎችን ሰበሰበ፤ ብሪታንያውያን፣ ጀርመኖች፣ ሃንጋሪያውያን፣ ግሪኮች፣ ሰርቦችና ቻይናውያን ናቸው። ተሳታፊዎቹ ማስታወቂያዎችን ከተመለከቱ በኋላ ከሚያውቁት ሰው ጋር በኮምፒዩተር ካሜራ አማካይነት ስላዩት ነገር ተወያዩ። ከ2,000 ደቂቃ በላይ ምስልና ድምፅ ተከማቸ። የተሳታፊዎቹ ባህል ተወላጆች የሆኑ ገምጋሚዎችም ደስታና ቅሬታውን፣ መውደድና አለመውደዱን ከቅጽበት ወደ ቅጽበት መዘገቡ፤ መስማማትና አለመስማማት፣ አንዱ የሌላውን ሁኔታ መኮረጁም ተመዘገበ። ባህል በስሜት አገላለጽ ላይ ያለውን ኃይል አዘጋጆቹ አልካዱም፤ እንዲያውም በ2018 በተካሄደ ውድድር ጀርመኖችን አይቶ የተማረ መሣሪያ በሃንጋሪያውያን ላይ እንዲፈተን ተደርጓል።

ታዲያ ቅሬታዬ ከየት ይመነጫል? በመዝገቡ ውስጥ አንድም አፍሪካዊ ሕዝብ አለመኖሩ የሚታይ ጉድለት ነው፤ ይህ ግን ሰባተኛ ቡድን በመጨመር የሚታረም ነው። የማይታረመው ሌላ ነው። ገምጋሚዎቹ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ አንዱ «ተደስቷል» ያለውን ሌላው «ተከፍቷል» ይላል። ለመሣሪያው የሚቀርበው ትምህርት ግን ከሁሉም ተጨምቆ የወጣ አንድ መስመር ነው። የሙያው ሰዎች ይህን መስመር «የወርቅ መለኪያ» ይሉታል። በእኛ የቋንቋ ባህል ወርቅ የሚባለው ሁሉም ተስማምተው የሚያዩት ሳይሆን፣ ሁሉም ከሚያዩት ሰም ሥር ያለው መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም።

የምግብ ግብዣችንን እንውሰድ። እንግዳው «ጠግቤአለሁ» ይላል፤ የቤቱ እመቤት «በሞቴ!» ይላሉ፤ እንግዳው እጁን ዘርግቶ ይከላከላል፤ እሳቸው «አፈር ስሆን!» ብለው ጉርሻውን ያስጠጋሉ፤ እሱም ፊቱን ያዞራል። ሦስት ደቂቃ የፈጀ አለመስማማት፣ አንዱ ሌላውን ያስጨነቀበት ፍልሚያ ተብሎ ይመዘገባል። ጉርሻው ሲዋጥ ግን ሁለቱም ያሸነፉበት መግባባት ነው። በርግጥ አማርኛ ተናጋሪ ገምጋሚ ይህን አይስተውም። ይሁንና እንግዳው እውነት ጠግቦ የተጨነቀበት፣ ወይም በቤተሰቡ መካከል ያለ ቂም በዚያ «በሞቴ» ውስጥ የተሸሸገበት ጊዜ አለ፤ ያን የሚያውቀው ከገምጋሚዎቹ ምናልባት አንዱ ብቻ ነው። አማካዩ ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠፋው የእሱ ድምፅ ነው። አንገቷን ደፍታ የምታለቅስ ሙሽራም፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «እሺ» የሚል ሰውም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥማቸዋል። (ይህን የትንፋሽ «እሺ» ለባዕድ ጆሮ ድንጋጤ እንደሚመስል በባዕድ አገር የኖረ ሁሉ ያውቃል።)

ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» መጽሐፋቸው ይህ ኅብረ ቃላዊ ስልት ከቅኔ ቤት አልፎ የዕለት ተዕለት ግንኙነትን እንደሚገዛ አሳይተው፣ ከዘመናዊነት መንፈስ ጋር እንደሚጋጭ ጽፈዋል። ስለ መጀመሪያው ነጥብ አልከራከርም። ሁለተኛው ግን ዘመናዊነት ማለት ለአንድ ነገር አንድ ፍቺ ብቻ ነው ከሚል እምነት የመነጨ ነው፤ ሴዋም ሳያስበው የዚሁ እምነት ወራሽ ሆኗል።

ሌላ ስልት የለም እንዳይባል፣ የአንድምታ ትርጓሜያችን አለ። መምህሩ አንዱን ፍቺ ሰጥቶ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ዳግመኛም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ይደርባል፤ ፍቺዎቹን ደምሮ ለሦስት አያካፍልም። ተማሪው ሁሉንም ይዞ፣ የትኛው ለየትኛው ጉዳይ እንደሚስማማ ይመዝናል። ይህ የናፍቆት ንግግር አይደለም። ሎራ አሮዮና ክሪስ ዌልቲ በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ ለእያንዳንዱ ምሳሌ አንድ ትክክለኛ ምልክት አለ የሚለውን የሙያቸውን ግምት አፈ ታሪክ ብለው ነቅፈው፣ የገምጋሚዎች ልዩነት ስሕተት ሳይሆን መረጃ ነው ብለዋል። ከአንድምታ ደጃፍ የደረሱት በሌላ መንገድ ነው።

ጉዳዩ በቤተ ሙከራ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባላደከመኝ። በ2024 ይፋ የወጡ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ለንደን ውስጥ ዩስተንንና ዋተርሉን ጨምሮ በብሪታንያ የባቡር ጣቢያዎች የአማዞን ሥርዓት የተጓዦችን ዕድሜ፣ ጾታና ስሜት ከካሜራ ምስል እንዲገምት ተሞክሯል። የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በ2022 እንዲህ ያለው የስሜት ትንተና ገና ያልበሰለ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሰውን ስሜት በመሣሪያ መገመትን፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ጉዳይ በቀር፣ ከየካቲት 2025 ጀምሮ ከልክሏል፤ ብሪታንያ በዚያ ሕግ አትገዛም። ፊትን በማንበብ ረገድ የእኛ ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ የአዲስ አበባዋ ተወላጅ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 አሳይታለች፤ ጾታን ብቻ እንዲለዩ ከተጠየቁት የገበያ ሥርዓቶች በአንዱ ላይ፣ በጥቁር ሴቶች ፊት የተሠራው ስሕተት 34.7 በመቶ ደርሷል። ጾታን እንዲህ የሳተ መሣሪያ የአንገት መድፋትን ፍቺ ሊነግረን መቅረቡ ያስገርማል።

እንግዲህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነገ መጥቶ የአማርኛ ተናጋሪዎችን ውይይት ልቅረጽ ቢል፣ መልሳችን እምቢታ ይሁን አልልም። የእያንዳንዱ ገምጋሚ ፍርድ ከነምክንያቱ ለየብቻው እንዲቀመጥ፣ መሣሪያውም ከዚያው እንዲማር፣ ተቀራጮቹም የተሰጠባቸውን ፍቺ አይተው የራሳቸውን «አንድም» እንዲጨምሩበት አስቀድመን በውል እናስጽፍ።