የግድብ ቁመትና የሰው ሕይወት፦ ስለ ቫን ዳንትዚግ የጎርፍ ስሌት የቀረበ ሒስ

ሒሳብ የተፈጥሮን ቁጣ አያስቀርም፤ ነገር ግን ቁጣው ከመምጣቱ አስቀድሞ ሰው ምን ያህል መዘጋጀት እንደሚገባው ሊነግረው ይችላል ይባላል። ይህ አባባል እስከ ምን ድረስ እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር ከፈለግን፥ እንዲሁ በደፈናው ከመከራከር አንድ የታወቀ ሥራ ይዘን ብንነጋገር ይሻላል። ስለዚህ የመረጥሁት፥ የሆላንዱ የሒሳብ ሊቅ ዳቪድ ቫን ዳንትዚግ በ1956 «ኢኮኖሜትሪካ» በተባለው መጽሔት ያወጣውን፥ ጎርፍን ለመከላከል ስለሚደረግ የኢኮኖሚ ውሳኔ የሚናገረውን ጽሑፍ ነው። በዚህ ሒስ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጽሑፉ የተወለደው ከመከራ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 1953 ማታ በሰሜን ባሕር ላይ የተነሣው ብርቱ ነፋስ ከባሕሩ ታላቅ ሙላት ጋር ስለ ገጠመ፥ ሲነጋ ውሃው ሁክ ቫን ሆላንድ በተባለው ስፍራ ከአምስተርዳም የውሃ ልክ በላይ 3.85 ሜትር ደረሰ። ግድቦቹ ተደረመሱ፤ በሆላንድ ብቻ 1,836 ሰዎች ሞቱ። ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው በደቡብ ምዕራብ ያለው የዘይላንድ ክፍለ ሀገር ነበር። መንግሥት በዚያው በፌብሩዋሪ ወር የዴልታ ኮሚሽን የተባለውን ጉባኤ አቋቋመ። ግድቡ ምን ያህል ከፍ ይበል ለሚለው ጥያቄ በአምስተርዳም የሚገኘው የሒሳብ ማዕከል መልስ እንዲፈልግ ተደረገ፤ ቫን ዳንትዚግም የመለሰው ይህንኑ ነው።

የአሳቡ መሠረት ቀላል ነው። ግድብ ከፍ ባለ ቍጥር ወጪው ይጨምራል፤ ውሃው የማለፍ ዕድሉ ግን ይቀንሳል። እንግዲህ የግንባታው ወጪና ወደፊት ይደርሳል ተብሎ የሚገመተው ጉዳት፥ ጉዳቱ በወለድ ታስቦ ወደ ዛሬ ገንዘብ ከተመለሰ በኋላ፥ ሲደመሩ ድምሩ ከሁሉ የሚያንስበት ቁመት ትክክለኛው ቁመት ነው። የውሃውን ዕድል በተመለከተ፥ ቬመልስፌልደር የተባለው የሆላንድ መሐንዲስ በ1939፥ ማለት ከጎርፉ 14 ዓመት አስቀድሞ፥ በሁክ ቫን ሆላንድ ከ1888 ጀምሮ የተጻፈውን የውሃ ልክ መርምሮ፥ ቁመቱ በእኩል በጨመረ ቍጥር ውሃው እዚያ የመድረስ ዕድሉ በእኩል እጅ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት ለእርሱ አይሆንም፤ ጅቡ ሳይመጣ ተናግሯልና።

ነገሩ እንዲገባን በራሴ ምሳሌ ላስረዳ። ግድቡ ምንም ባይጨመርበት የሚጠበቀው ጉዳት በዛሬ ገንዘብ 100 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። አንድ ሜትር መጨመር 5 ሚሊዮን ይፈጃል፤ እያንዳንዱም ሜትር አደጋውን ወደ ዐሥረኛ እጁ ያወርደዋል። የመጀመሪያው ሜትር 90 ሚሊዮን ያድናል፥ ሁለተኛው 9 ሚሊዮን፥ ሦስተኛው ግን 900 ሺህ ብር ብቻ። ሦስተኛው ከሚያድነው ይልቅ የሚፈጀው ስለሚበልጥ በሁለት ሜትር እናቆማለን። የቫን ዳንትዚግ ቀመር ሥራው ይህ ነው።

ይህን ስሌት ያነበበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሞተ ሰው በስንት ብር ይታሰባል? ቫን ዳንትዚግ ራሱ ችግሩን አልሸሸገውም። እኔም ሳነብ በዚህ ስፍራ ልቤ ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን ምሳሌያችንን መልሰን እንየው። የጉዳቱን ዋጋ አጥፈን 200 ሚሊዮን ብናደርገው ሦስተኛው ሜትር የሚያድነው 1.8 ሚሊዮን ብቻ ስለ ሆነ፥ መልሱ ያው ሁለት ሜትር ነው። አንድ ሜትር ለመጨመር ዋጋው ከአምስት እጥፍ ተኩል በላይ፥ ማለት ከ555 ሚሊዮን በላይ መሆን አለበት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሎጋሪትም ስንማር፥ ትላልቅ ቍጥሮችን ለማባዛት ይረዳል ከመባል በቀር ሌላ ጥቅሙን አላወቅነውም ነበር፤ እዚህ ግን የዋጋ ስሕተትን አለስልሶ የሚያሳልፍ ወንፊት ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ በሰው ዋጋ ላይ የሚነሣው ክርክር ለኅሊና ከባድ ቢሆንም፥ ለግድቡ ቁመት የተፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ይህ የጽሑፉ ታላቅ ብርታት ነው።

ድካሙ ያለው በሌላ ወገን ነው። እያንዳንዱ ሜትር አደጋውን ወደ ዐሥረኛ እጁ በማውረድ ፈንታ ወደ እኩሌታው ብቻ የሚያወርደው ቢሆንስ? ያን ጊዜ ከ100 ሚሊዮኑ የመጀመሪያው ሜትር 50፥ ሁለተኛው 25፥ ሦስተኛው 12.5፥ አራተኛው 6.25 ሚሊዮን ያድናል፤ የምናቆመውም በአራት ሜትር ነው። የዋጋው መታጠፍ ምንም ያልለወጠው መልስ፥ የውሃው ጠባይ በተሳሳተ ጊዜ እጥፍ ሆነ። ይህ ጠባይ የሚታወቀው ደግሞ ከውሃ መለኪያው መዝገብ ብቻ ነው። ኮሚሽኑ በ1960 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ለሁክ ቫን ሆላንድ የመረጠው ልክ 5 ሜትር ነበር፤ ይህም በአንድ ዓመት ውስጥ የመታለፍ ዕድሉ ከ10,000 አንድ ነው ተብሎ የተገመተ ነው። መዝገቡ ግን የተጀመረው በ1888 ነበር። የሰባ ዓመት ያህል መዝገብ ይዞ ስለ ዐሥር ሺህ ዓመት መናገር፥ መሥመሩ ዐይን በማይደርስበትም ስፍራ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ማመን ነው። ማመኑ ግድ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እምነት መሆኑ በግልጽ ሊነገር ይገባዋል።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ስለ ፍርድ ነው። ቀመሩ ቁመትን የሚሰጠው ከግድቡ በስተኋላ ባለው ሀብት መጠን ነው። በምሳሌያችን 1,000 ሚሊዮን ብር የሚጠብቀው ግድብ ሦስት ሜትር ሲያገኝ፥ 10 ሚሊዮን ብር ብቻ የሚጠብቀው አንድ ሜትር ያገኛል፤ ከሁለቱም በስተኋላ የሚተኙት ሰዎች በቍጥር እኩል ቢሆኑ እንኳ። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በ1996 በወጣው የሆላንድ ሕግ ታላላቆቹ ከተሞች ያሉበት መካከለኛው ሆላንድ ከ10,000 አንድ የሚለውን ልክ ሲያገኝ፥ በ1953 ብዙ ሬሳ የተለቀመበት ዘይላንድ ከ4,000 አንድ ተመደበለት። በኢኮኖሚ ስሌት ይህ ትክክል ነው፤ የዘይላንድ ገበሬ ግን ልጁን የቀበረው በኢኮኖሚ ስሌት አይደለም።

ሆላንዳውያን ስሕተታቸውን በሒሳብ መንገድ ማረማቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። በኋላ የተነሡት ተመራማሪዎች አገር ስትበለጽግ የሚጠበቀው ሀብት ስለሚያድግ፥ ግድብ በየጊዜው መታደስ እንጂ አንድ ጊዜ ተወስኖ መቅረት እንደሌለበት አሳዩ። ከ2017 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግም፥ ከግድብ በስተኋላ የሚኖር ማንኛውም ሰው በጎርፍ የመሞት ዕድሉ በዓመት ከ100,000 አንድ እንዳይበልጥ ተደነገገ። በመጀመሪያ ለሰው ሁሉ እኩል የሆነ ወለል ተደረገ፤ የሀብት ስሌት የሚጨመረው ከዚያ በላይ ነው። ቫን ዳንትዚግ በ1956 ይህን ወለል ቢያኖር ኖሮ ጽሑፉ ሙሉ ይሆን ነበር እላለሁ።

ሦስተኛ፥ ጽሑፉ ስለ ሌሊቱ አንዳች አይናገርም። በ1953 የማዕበል ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ቀኑ ቅዳሜ ማታ ስለ ነበረና ራዲዮውም በሌሊት ስለሚዘጋ ብዙ ሰው ሳይሰማ ተኛ። አደጋን መከላከል ግድብ መሥራት ብቻ አይደለም፤ ግድቡ የተሸነፈ ዕለት ማን ማንን ይቀሰቅሳል የሚለውም ስሌት ያሻዋል። የቫን ዳንትዚግ ቀመር ጉዳቱን እንደ አንድ ቋሚ ቍጥር ስለሚወስደው፥ ይህን ቍጥር በደወልና በመልእክተኛ ማሳነስ እንደሚቻል አያሳይም።

ይህን ሥራ ወደ አገራችን እናምጣው የሚል ቢነሣ ምን እንመልስለታለን? በኦገስት 2006 የደጫቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሁላችን እናውቃለን። ባሕር በየቀኑ ይሞላል፥ ይጎድላል፤ ለጸሓፊው በየዕለቱ ቍጥር ይሰጠዋል። ደጫቱ ግን ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና በደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ በጥቂት ሰዓት ይሞላል። እንዲህ ላለው ወንዝ የሆላንድን ቍጥሮች መዋስ፥ ልኩ ያልታወቀ ሰው ጫማ መስፋት ነው። ልንዋስ የሚገባን የአሳቡን ሥርዓትና የመዝገቡን ትጋት ነው።

በጠቅላላው ስናየው የቫን ዳንትዚግ ጽሑፍ በግምትና በፍርሃት ይወሰን የነበረውን ነገር ሊመረመር ወደሚችል ክርክር አደረሰው፤ እኛም ልንነቅፈው የቻልነው እርሱ ግምቶቹን በግልጽ ስለ ጻፈ ነው። ነገር ግን ቀመሩ ራሱ እንዳሳየን፥ መልሱ ከሁሉ ይልቅ የተንጠለጠለው በሊቁ ብልሃት ላይ ሳይሆን፥ በየዕለቱ ወደ ውሃው ወርዶ ልኩን አንብቦ በሚጽፈው ሰው ታማኝነት ላይ ነው። ከዚህ ኮሌጅ ተመርቀን ስንወጣ ሞዴል ሠሪ ለመሆን የምንመኝ ብዙዎች ነን፤ መዝገብ ጠባቂ ለመሆን የሚመኝ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህን ያስቡበት ዘንድ እጠይቃለሁ።