የበርጋዋ ወፍ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አቅራቢያ፣ የበርጋ ረግረግ አለ። የሐምሌ ጭቃው ቦቲ ከእግር ያስቀራል፤ የግራዬን አስቀርቶብኛል። የመጣነው ነጭ ክንፉን ፍላፍቴል ፍለጋ ነው፤ ከድንቢጥ እምብዛም የማይበልጥ፣ ከምድር ሊጠፉ ከተቃረቡት ወፎች አንዱ። ክረምት ላይ እዚሁ ቄጠማ ውስጥ ይፈለፍላል። መብረር አይወድም፤ እንደ አይጥ በሣሩ ሥር ይሹለከለካል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆምን። ድንገት ብድግ አለ፦ ደረቱ ድረስ የወረደ ቀይ ቡናማ፣ የተንጠለጠሉ እግሮች፣ የክንፉ ንጣት፣ ከዚያ እልም። ካሜራዬን ከቦርሳ እንኳ አላወጣሁም፤ አልቆጨኝም። ይህንኑ ሣር ለከብቶቻቸው የሚያጭዱ አንድ አባት ግን ጭፈራችንን አይተው ሳቁ።

«ለዚህች ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣችሁት?»