«አጋላጭ ምክንያት» ስንል ምን ማለታችን ነው? የበግና የፍየል ብሩሴሎሲስ ጥናቶችን ስናነብ

ስለ በግና ፍየል ብሩሴሎሲስ በአገራችን የተሠሩ ጥናቶችን ደርድራችሁ ብታነቡ፣ አራተኛው ላይ ስትደርሱ ውጤቱን ሳታዩ መገመት ትጀምራላችሁ። ከጥቂት መቶ እንስሳት ደም ተቀድቷል። ደሙ ሮዝ ቤንጋል በሚባል ምርመራ ታይቶ፣ ፖዘቲቭ የሆነው በሌላ ምርመራ ተረጋግጧል። ቀጥሎ ሰንጠረዥ ይመጣል፦ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የመንጋው ብዛት፣ የውርጃ ታሪክ፣ የአረባብ ዘዴ። መጨረሻ ላይ «ለማኅበረሰቡ ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። በቃ።

ጥናቶቹን ማጣጣል አልፈልግም። በቆላ ሙቀት ፍየል አሳዶ ይዞ ከአንገቷ ደም መቅዳት፣ ናሙናውን ሳይበላሽ ላቦራቶሪ ማድረስ ቀልድ አይደለም። በሽታው በአፋር፣ በሶማሌና በቦረና መንጎች ውስጥ መኖሩን ያወቅነው በእነሱ ነው። የእኔ ጥያቄ ሰንጠረዡ ላይ ነው። «አጋላጭ ምክንያት» ብሎ ከሚዘረዝራቸው ነገሮች ስንቶቹ በእርግጥ ምክንያት ናቸው?

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። በበግና በፍየል ላይ ብሩሴሎሲስን በዋናነት የሚያመጣው ብሩሴላ ሜሊቴንሲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ሰውንም አብዝቶ የሚጎዳው የብሩሴላ ዓይነት ይኸው ነው። ባክቴሪያው በእርጉዝ ፍየል እንግዴ ልጅ ውስጥ ይራባል፤ ብዙ ጊዜም በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሁለት ወራት ገደማ ያስጨነግፋታል። ያኔ ከጽንሱ፣ ከእንግዴ ልጁና ከፈሳሹ ጋር እጅግ ብዙ ጀርም ይወጣል። ሰው በጥሬ ወተት ወይም በባዶ እጅ ሲያዋልድ ይያዛል። ትኩሳቱ መጣ ሄደት ይላል፤ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም፣ የማይለቅ ድካም ይከተላል። ወባ ነው፣ አይ ታይፎይድ ነው እየተባለ በማይረዳው መድኃኒት ወራት የሚገፋ ሰው አለ። ትክክለኛው ሕክምና ግን ሁለት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን አጣምሮ ስድስት ሳምንት ያህል መውሰድ ነው።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ። ሮዝ ቤንጋል የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን አንቲቦዲውን፣ ማለትም ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት የሚያመርተውን ነገር ነው። ከእንስሳው ደም የተለየ የሴረም ጠብታ ቀለም ከተነከረ የሞተ ብሩሴላ ጋር ይቀላቀላል፤ አንቲቦዲ ካለ ድብልቁ እንደ ተበጠሰ ወተት ይቋጠራል። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ርካሽም ፈጣንም ነው። ግን እስቲ አብረን እናስላ። 1,000 ፍየሎች አሉ እንበል፤ 20ዎቹ ብቻ የታመሙ። ምርመራው ከ20ዎቹ 18ቱን ያዘ። ከ980ዎቹ ጤነኞች 2 በመቶውን ብቻ በስሕተት ፖዘቲቭ ቢል 20 ገደማ ይሆናሉ። ፖዘቲቭ ከተባሉት 38 ፍየሎች ከግማሽ በላዩ ንጹሕ ናቸው ማለት ነው! ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ ነገሩ ግን በሽታው ጥቂት በሆነበት አገር ሁሉ ይሠራል። ሁለተኛ ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን አንቲቦዲ ስለሚፈልግ፣ ብሩሴላን የሚመስል ሌላ ባክቴሪያ፣ ለምሳሌ አንዱ የየርሲኒያ ዓይነት፣ ሁለቱንም ምርመራ ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ በአንድ ጥናት ላይ «ስርጭቱ 3 በመቶ» የሚል ስታነቡ በስንት ምርመራ እንደተገኘ ፈልጉ።

ጾታ። ብዙ ጥናቶች እንስቶች ከወንዶች የበለጠ ፖዘቲቭ ሆነው ያገኟቸዋል፤ ማብራሪያውም ከማኅፀን ባሕርይ ጋር ይያያዛል። እውነት አለው። ግን በእኛ አገር ወንዱ ምን ይሆናል? ወጠጤው ለፋሲካ፣ ጠቦቱ ለአረፋ ወይም ለእንቁጣጣሽ ይሸጣል። እንስቷ ለርቢ ትቀራለች፤ ዓመት በዓመት ትወልዳለች፤ ከብዙ ፍየል ጋር ታድራለች። ደም ቀጂው ሲመጣ የሚያገኛቸው ወንዶች በአብዛኛው ልጆች፣ እንስቶቹ ደግሞ ትልልቆች ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ የጾታ ነው ወይስ ለበሽታው ተጋልጠው የቆዩባቸው ዓመታት? ስታቲስቲክሱ ዕድሜን አብሮ ካላስተካከለ መልስ የለም። ሲያስተካክልም ዕድሜው «ወጣት» እና «አዋቂ» በሚሉ ሁለት ሣጥኖች ብቻ ከተከፈለ ብዙ አይረዳም።

እኔን በጣም የሚያስገርመኝ ግን ውርጃ ነው። «ጽንስ ያስወረዱ ፍየሎች ለብሩሴሎሲስ የመጋለጥ ዕድላቸው ይህን ያህል እጥፍ ነው» ይባላል። ቆይ፣ ያስወረደቻት በሽታዋ አይደለም እንዴ? ይህ እኮ ትኩሳትን የወባ አጋላጭ ምክንያት እንደማለት ነው። የራሷ ውርጃ ምልክት ነው፤ እንስሳት ሐኪሙ የትኛዋን ፍየል መመርመር እንዳለበት ይጠቁመዋል፣ ለዚያ ይጠቅማል። ምክንያት የሚሆነው የሌላዋ ውርጃ ነው። በዚያው ጉረኖ ጎረቤቷ ጨንግፋ፣ ፈሳሹ መሬቱን አርሶት፣ እሷ መጥታ ስታሸትና ስትልስ፣ እውነተኛው መጋለጥ ያ ነው። መጠይቁ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ይህች ፍየል አስወርዳ ታውቃለች?» ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያደናግረናል። በስታቲስቲክስ አነጋገር የሚፈለገው ከበሽታው ጋር አብሮ የሚታይ ነገር ነው፤ አምጪው ይሁን አይሁን ገና አልተወሰነም። እኛ ስንተረጉመው «ምክንያት»፣ አንዳንዴም «መንስኤ» አልነው። አማርኛ አንባቢ «ምክንያት» ሲል «በዚህ የተነሣ» ማለቱ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ያላለውን አንባቢው ሰማ። «አጋላጭ ሁኔታ» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ፤ አንድ ቃል ነው፣ ግን ከብዙ ስሕተት ያድናል።

ከዚህም የሚብሰው የጎደለው ነገር ነው። ጾታና ዕድሜ በዓይን ይታያሉ፤ ጥርስ አይቶ መመዝገብ ነው። ለመጠየቅ ቀላል የሆነው ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል፤ ሊለወጥ የሚችለው ግን ይቀራል። ፍየልን ከእንስትነቷ ማዳን አይቻልም። እንግዴ ልጁ ለውሻ ይጣላል ወይስ ይቀበራል? አውራው ስንት መንጋ ውስጥ ይዞራል? ከገበያ የተገዛችው ፍየል ተለይታ ትቆያለች ወይስ በዚያው ማታ ከመንጋው ጋር ትታጎራለች? እነዚህን የሚጠይቁ ጥናቶች አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው፣ ሲጠየቁም «አዎ» እና «አይ» ብቻ ተብለው ይታለፋሉ።

ሰውም ከሰንጠረዡ ይጎድላል። «ወተት አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድለዋል። የፍየል ወተት የዕለት ምግብ ለሆነበት አፋር ወይም ሶማሌ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደጋ ላይ ግን በግ በአብዛኛው አትታለብም። በጓ የምትወልደው ቤት ውስጥ፣ ሰው በሚተኛበት ጣሪያ ሥር ሊሆን ይችላል፤ ግልገሉን በእጃቸው የሚቀበሉት እናት ወይም የአሥር ዓመት እረኛ ናቸው። ለእነሱ «ወተት አፍሉ» ማለት የሌላ ሰው መድኃኒት መስጠት ነው። «ግንዛቤ» የሚለው ቃልም ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ጓንቱ ከየት ይምጣ? በረሃ ላይ እጅ መታጠቢያ ውኃውስ? ብዙ ጥናቶች እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

ከዚህ የተሻለ መሥራት እንደሚቻል የበሽታው የራሱ ታሪክ ያሳያል። ዴቪድ ብሩስ የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በማልታ ደሴት የሞቱ ወታደሮችን ጣፊያ መርምሮ ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1887 ለዓለም አሳወቀ። ከየት እንደሚመጣ ግን ለ18 ዓመት አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1905 ማልታዊው ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የፍየሎችን ደም መረመረ፤ ጤነኛ በሚመስሉ ፍየሎች ውስጥ የበሽታውን ምልክት አገኘ። የተጠቀመበት ዘዴ ከዛሬው ሮዝ ቤንጋል ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ደሙ ባክቴሪያውን ይቋጥራል ወይስ አይቋጥርም ብሎ ማየት። ልዩነቱ እዚያ አለመቆሙ ነው። ባክቴሪያው ራሱ ከፍየሎቹ ደምና ወተት ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ጦሩ ለወታደሮቹ የፍየል ወተት ማቅረብ ሲያቆም በበሽታው የሚያዙት ወታደሮች ቁጥር በፍጥነት ወረደ። አንቲቦዲ፣ ከዚያ ባክቴሪያ፣ ከዚያ መንገዱን ዘግቶ ውጤቱን ማየት። የማልታ ሲቪሎች ግን ፍየላቸውንም ወተታቸውንም ይዘው ቀሩ፤ በሽታውም ከእነሱ ጋር ለብዙ ዓመታት ቆየ። ትእዛዝ ለወታደር ይሠራል፤ ኑሮው ፍየል ለሆነ ቤተሰብ ሌላ መፍትሔ ያስፈልጋል።

በእኛም አገር ሁለተኛው ደረጃ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በአፋር ካስወረዱ ፍየሎች ብሩሴላ ሜሊቴንሲስን ራሱን አሳድጎ ለይቷል። አንድ እንዲህ ያለ ሥራ ከአሥር ሰንጠረዥ ይበልጥብኛል። አንቲቦዲው የየትኛው ብሩሴላ እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ክትባት ማውራት ይከብዳል፤ ለበግና ለፍየል የሚሰጠው ሬቭ-1 የተሠራው ለሜሊቴንሲስ ነው። ክትባቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ እርጉዟን ሊያስወርዳት ይችላል፣ በደሟ የሚተወው አንቲቦዲም በምርመራ ጊዜ ከበሽታው ጋር ይምታታል።

ከእናንተ መካከል ነገ የእንስሳት ሕክምና የሚማርና መጠይቅ ይዞ ወደ መንደር የሚወጣ ይኖራል። ከጾታና ከዕድሜ ቀጥሎ እነዚህን ጨምሩ፦ ፍየሏ ስትወልድ ማን ያዛት? እንግዴ ልጁ የት ተጣለ? በዚህ ዓመት ከገበያ የገባ እንስሳ አለ? አውራው የማን ነው? ቤት ውስጥ ትኩሳት አልለቀው ያለ ሰው አለ? ለመጨረሻው መልሱ «አዎ» ከሆነ ስሙን ለጤና ጣቢያው አድርሱ። ሮዝ ቤንጋል ለሰውም ይሠራል፤ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል።