ስለ ቋጠሮ

ባለፈው ዓመት ወደ አቦምሳ ተመድባ የመጣች ወጣት የመድኃኒት ባለሙያ፥ ዓይናቸው የጠፋ አንድ አረጋዊ የኪኒን ከረጢታቸውን አንገት በፈትል እስኪቋጥሩ ድረስ ሩብ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ስጠብቃቸው አይታ፥ በመስኮቱ ማዶ የተሰለፈውም ሰው ሲያጉረመርም ሰምታ፥ «ጋሼ፥ የሰባት ቀን ሳጥን እያለ ይህ ሁሉ ክር ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ የሰጠኋት መልስ ቁጣ የተቀላቀለበት ስለ ነበረ፥ አሁን ረጋ ብዬ ልመልስላት እወዳለሁ፤ አሳቤን ግን አልለወጥሁም።

ሳጥኑን አውቀዋለሁ፤ ልጆቻቸው በባሕር ማዶ ለሚኖሩላቸው እናቶች ከሽቶና ከነጠላ ጫማ ጋር የሚላክ ነው። ጠቤም ከሳጥኑ ጋር ሳይሆን ከሚሞላው እጅ ጋር ነው። ኪኒን ከማሸጊያው ወጥቶ ሳጥን ከገባ በኋላ ስሙም ጊዜው የሚያልፍበትም ቀን ከእርሱ ይለያሉ፤ ነጭና ክብ የሆነውን ሁሉ ለመለየት የሚያይ ሰው እንኳ ሲቸገር፥ የማያይ ሰው ግን የልጅ ልጁ እሑድ ማታ ኳስ እየሰማ የሞላለትን እንደ ቃለ ወንጌል ተቀብሎ ከመዋጥ በቀር ምርጫ የለውም። ከብዙ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ሳጥን ከመደርደሪያ ወድቆ ተበተነና፥ ባለቤቲቱ ዳብሰው ለቅመው እንደ ገመቱት መልሰው ከተቱት፤ በማግሥቱ ለስኳር የሚታዘዘውን ግሊቤንክላሚድ እጥፍ ዋጡ፤ የጾም ወራት ስለ ነበረም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሱም። ላብ አጥምቋቸው፥ ነገር ተደባልቆባቸው ያገኘቻቸው ጎረቤት፥ መዋጥ ገና ሳይሳናቸው ስኳር በጥብጣ አጠጣቻቸው። ኪኒኑን የሰጠሁ እኔ ነበርሁ፤ ሳጥኑንም አይቼ «መልካም ነው» ያልሁ እኔው።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፤ የሚውጠው ይቋጥር። ቋጠሮውም የሚቈጥረው የቀኑን ተራ እንጂ የመድኃኒቱን ስም አይደለም፤ መጀመሪያ የሚወሰደው አንድ፥ ቀጥሎ የሚወሰደው ሁለት። ኪኒኑን በቅርጹ ይለዩት የሚሉኝ አሉ፤ ነገር ግን አቅራቢው በተለወጠ ቍጥር አምና ሞላላ የነበረው ያው መድኃኒት ዘንድሮ ክብ ሆኖ ይመጣል። በሰዓት ይነገራቸው የሚሉም አሉ፤ «በየ8 ሰዓቱ» የተባሉ አንዲት እናት ግን በቀን አንድ ጊዜ፥ ልክ በ8 ሰዓት፥ ሲወስዱ ከርመዋል፤ ጥፋቱም የእሳቸው አልነበረም።

ወጣቲቱ ስለ ብሬልም አንሥታብኛለች። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመድኃኒቱ ስም በካርቶኑ ላይ በብሬል እንዲጻፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ተደንግጓል፤ የሚያስመሰግን ነገር ነው። እኛ ዘንድ ግን ኪኒኑ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ቆርቆሮ ተቈጥሮ በላስቲክ ሲሰጥ ካርቶኑ ከእኛው ይቀራል፤ ደግሞም በሰበታ መርሐ ዕውራን በልጅነቱ ያጠናውን ሰው ትተን፥ በሰባ ዓመቱ ብርሃን የራቀውን የአርባ ጉጉን ገበሬ አዲስ ፊደል ቍጠር ማለት እንዴት ይቻላል? እርግጥ ክር ከመስጠቴ በፊት ዓይኑን ሐኪም አይቶት እንደ ሆነ እጠይቃለሁ፤ በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 1.6 ያህሉ ሕዝባችን ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፥ የዚህ እኩሌታ ያህሉ ከሞራ የመጣ ነበርና። አንድ ደንበኛዬ ሞራቸው ከተገፈፈ በኋላም «ዓይን ይዋሻል» ብለው ቋጠሮአቸውን አልተዉም።

ጣት እንደሚያነብ ለመማር ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ክርስቲያኑ አረጋዊ በ41 ወይም በ64 ፍሬ መቍጠሪያ፥ ሙስሊሙ ጎረቤቱ በ33 ወይም በ99 ፍሬ ሙስበሓ፥ በጨለማ ሳይሳሳቱ ሲቈጥሩ ኖረዋል፤ ፈታዪቱም እናት ቀጭኑን ፈትል ከወፍራሙ የምትለየው በአውራ ጣቷ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራው ዕውሩ ዲዲሞስም ፊደልን በእንጨት ላይ አስቀርጾ በጣቱ እንዳጠና የጥንት ታሪክ ጸሐፊ ሶዞሜኖስ ይተርካል።

እኔም ከሁለት ዓመት ወዲህ ግላኮማ ተገኝቶብኝ የዓይን ጠብታ እጠቀማለሁ፤ ማታ ማታም መብራቱን አጥፍቼ ብልቃጡን በቋጠሮው መፈለግ ልማድ ሆኖብኛል። ባለቤቴ ትሥቃለች፤ ይሁን እንጂ ጣቴ ክሩን ባገኘው ቍጥር፥ ብዙ ዓመት በዚያች ጠባብ መስኮት ከረጢት ብቻ ሳቀብል ኖሬ ከሰው ጋር በእውነት መቀመጥ የጀመርሁት በዚህ ክር ምክንያት መሆኑ ትዝ ይለኛል።

በመግቢያው ያነሣኋቸው አረጋዊ፥ በፊቴ የጧቱን የደም ግፊት አምሎዲፒን አንድ፥ ከራት ጋር የሚወስዱትን ሜትፎርሚን ሁለት ቋጥረው ይሄዳሉ፤ ስጠይቃቸውም ሳይሳሳቱ ይመልሳሉ። ባለፈው ጥቅምት ታመው ቤታቸው ብሄድ፥ በራስጌያቸው ያሉት ከረጢቶች ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ቋጠሮ ሆነው አገኘኋቸው። ልቤ ደነገጠ። አጠገባቸው ግን በአንገቱ አንድ ቋጠሮ ያለው የጠበል ጠርሙስ ቆሟል፤ እህል ሳይቀምሱ በፊት የሚጠጡት ነው። ለካ ቤታቸው በገቡ ቍጥር በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ይጨምሩ ኖሯል። ኪኒኑን ብቈጥረው አንድም አልጐደለም፥ አንድም አልተረፈም።

«ምነው ሳይነግሩኝ?» ብላቸው፥

«አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ኪኒን ነው፤ ስለ ጠበሉ መቼ ጠየቅኸኝና» አሉኝ።

ይህን ለወጣቲቱ እስካሁን አልነገርኋትም።