በአንድ የባትሪ አያያዝ መመሪያ ቃላት ላይ የቀረበ ትችት

ከእጅ ስልክ ጋር ተጣጥፎ የመጣ አንድ የአማርኛ መመሪያ በቅርቡ እጃችን ገብቶ ነበር። ስለ ባትሪ አያያዝ የሚናገረው ክፍል ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ይሁን እንጂ በዚያች ገጽ የተመረጡት ቃላት አንባቢን ወደ ስሕተት የሚመሩ ሆነው ስላገኘናቸው ጥቂት ማለት አስፈላጊ ሆኗል።

በቅድሚያ መመሪያው «ቻርጅ» የሚለውን ትቶ «ኃይል መሙላት» እና «ኃይል መሙያ» ማለቱ የሚደገፍ ነው። «ቻርጅ» በዕለታዊ አነጋገራችን መሣሪያውንም («ቻርጅህን አውሰኝ»)፣ ድርጊቱንም («ቻርጅ አድርገው»)፣ በባትሪው ያለውንም («ቻርጅ የለኝም») ደርቦ ስለያዘ ለመመሪያ አይመችም። ተናጋሪው ግን ባዕዱን ቃል የያዘው በስንፍና ብቻ አይደለም፤ «ስልኬን ሙላልኝ» ቢባል የተፈለገው የመነጋገሪያ ሂሳብ ይሁን ኤሌክትሪክ አይለይምና። ስለዚህ «ኃይል» ከ«መሙላት» ፊት መውደቅ አይገባውም። መመሪያው ከሦስተኛው አንቀጽ ጀምሮ ጥሎታል።

ዋናው ጉድለት ያለው «ጊዜ» በምትለው ቃል ላይ ነው። «ባትሪው 500 ጊዜ ይሞላል» ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ስልኩ በተሰካ ቁጥር ከአምስት መቶው አንዱ እንደሚቀነስበት ይረዳል። አንዲት የቅርብ ዘመዴ እንዲሁ ተረድታ፣ ስልኳ ፈጽሞ እስኪዘጋ ድረስ ሳትሰካ ትውል ነበር። የመሐንዲሶቹ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። የሚቆጠረው መሰካቱ ሳይሆን የተወሰደው ኃይል ድምር ነው፤ ዛሬ ግማሹን ተጠቅሞ የሞላ፣ ነገም ግማሹን ተጠቅሞ የሞላ ሰው በሁለቱ ቀን የቆጠረው አንድ ብቻ ነው። ለዚህ «ዙር» የሚል የታወቀ ቃል ሳለን «ጊዜ» መባሉ ያሳዝናል። ጉዳቱም በቃል አይቆምም፤ የሊቲየም አዮን ባትሪን ዕድሜ ከሚያሳጥሩት ነገሮች አንዱ ራሱ እስከ መጨረሻው ማራቆት ነው። ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ቢውል ይመረጣል።

የማራቆቱ ልማድ የቆየ ነው። ዋልደማር ዩንግነር በ1899 እ.ኤ.አ. የሠራው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሳያልቅ ደጋግሞ ቢሞላ አገልግሎቱ ያጥራል ይባል ስለነበረ ምክሩ ለዚያ ዓይነት የተሰጠ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ምክሩም ሳይመረመር አብሮ ተሻገረ።

ከዚያም የቀደመ ልማድ አለ። በልጅነታችን «ባትሪ» ማለት የእጅ መብራቱ ነበር፤ በውስጡ የሚገባው «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካዊ ሂደት ለጊዜው ስለሚያፋጥን ጥቂት ብርሃን አይጠፋም። (እናቶቻችን ከበርበሬው ጎን ሲያገኙት የሚሉትን አንረሳም።) ለሊቲየም ባትሪ ግን ሙቀት ዋና ጠላቱ ነው። ይህን ታሪክ ለሚያስታውስ አንባቢ «ከከፍተኛ የአካባቢ ሙቀት ይጠበቅ» ማለት ምንም አይነግረውም፤ «ፀሐይ ላይ አይተዉት» ቢባል ግን ይገባዋል።

«አቅም» የተባለው ቃልም ሁለት ጌታ ያገለግላል። በአንዱ መስመር «የባትሪው አቅም ሲቀንስ ይሙሉት»፣ በሌላው «የባትሪው አቅም ሲቀንስ ይለውጡት» ይላል። የፊተኛው ዛሬ የቀረው ኃይል ነው፤ የኋለኛው ባትሪው አርጅቶ እንደ አዲስነቱ መያዝ አለመቻሉ ነው። ፊተኛውን «የኃይል መጠን»፣ ኋለኛውን «የመያዝ አቅም» ማለት ይቻላል። ኃይሉ ሲያልቅ «ባትሪው ሲፈስ» የተባለውም ፈጽሞ የማይሆን ነው፤ በአማርኛ የሚፈስ ባትሪ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደ ውጭ የወጣበት ነውና፣ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

በመጨረሻው መስመር «ያልተለመደ የቅርጽ ለውጥ ሲያሳይ ተገቢው እርምጃ ይወሰድ» ተብሏል። እርምጃው ምንድን ነው? የሚወስደውስ ማን ነው? ባትሪው በውስጡ ጋዝ ሲፈጠር ይነፋል፤ ሕዝቡም «አበጠ» ብሎ ከሰየመው ቆይቷል። ከመመሪያው ቃላት ሁሉ ሕይወትን የሚነካው ይህ ስለሆነ፣ በሚከተለው እንዲተካ እናሳስባለን፤ «ባትሪው ካበጠ ኃይል አይሙሉበት፣ አይጫኑት፣ አይብሱት፤ እሳት ሊነሣ ስለሚችል ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ለጠጋኝ ባለሙያ ያሳዩት»።